«ከበሮ በኬብል አይሠራም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ለቢት ሠሪዎች ተብሎ የወጣ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው እጅ ገብቷል። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ በሞጁላር ሶፍትዌር (ትንንሽ የድምፅ ክፍሎች፣ ማለትም ሞጁሎች፣ ስክሪን ላይ በኬብል በሚገናኙበት ፕሮግራም) የራስን ከበሮ መሥራት ጊዜ ማባከን ነው፤ ዝግጁ ሳምፕል (ቀድሞ የተቀረጸ ድምፅ) ይበቃል። ኪክ (ወፍራሙ የእግር ከበሮ) ዝቅ ያለ ሳይን፣ ማለትም ለስላሳ ነጠላ ማዕበል፣ ስኔር (ሽቦ ያለው ከበሮ) ደግሞ ነጭ ኖይዝ፣ ማለትም የሹሹታ ድምፅ ነው። ሃይሃት (ሁለቱ የሚጋጩ የብረት ሳህኖች) በሲንተሲስ፣ ማለትም ድምፅን ከባዶ በማመንጨት፣ አይወጣም። ድምፁ ከቀጠነ ሌላ መደረብ ነው። የአገር ከበሮን ከቀረጻ ውጭ ማሰብ ከንቱ ድካም ነው፤ ይህ ሁሉ ደግሞ ውድ ኮምፒውተር ይጠይቃል። ጸሐፊው ወደዚህ መደምደሚያ የደረሱት ቪሲቪ ራክ በተባለው ሞጁላር ፕሮግራም ላይ ሞክረው ነው። የሠሩትን ፓች (የሞጁሎችና የኬብሎች ቅንብር) አንድ በአንድ ስለገለጹ ሊመሰገኑ ይገባል፤ ችግሩ የቱ ጋ እንደሆነ በጣት ለማሳየት የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ምላሹም በዚያው በቪሲቪ ራክ 2፣ ከፕሮግራሙ ጋር በሚመጡት «ፈንዳሜንታል» ሞጁሎች ብቻ ይሆናል።

ጽሑፉን ከመነሻው ያሳተው አንድ ነገር ነው፤ ከበሮን እንደ ቆመ ድምፅ ቆጥሮታል። የከበሮ ድምፅ ከተመታበት ቅጽበት ጀምሮ እየተለወጠ የሚሞት ነው። ምን እንደሚለወጥና በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚለወጥ ካልተነገረው ኦሲሌተሩ (ማዕበል አመንጪው) የሚያውቀው ማንጎራጎር ብቻ ነው።

«ዝግጁ ሳምፕል ይበቃል»

ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ በዚህ አንከራከርም። የማይበቃው ድምፁን ከዘፈኑ ጋር ማስማማት ሲያስፈልግ ነው። 400 ሚሊሰከንድ የሚረዝም የኪክ ሳምፕል ለቅኝቱ ሲባል ፍጥነቱን በመጨመር በ4 ሰሚቶን ከፍ ቢደረግ ርዝመቱ ወደ 317 ሚሊሰከንድ ያጥራል፤ ጫፉ ላይ ያለው ክሊክም አብሮ ይቀጥናል። በሲንተሲስ ፒች (የድምፁ ከፍታ)፣ ርዝመትና ክሊክ ሦስት የተለያዩ ማዞሪያዎች ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌላው አይነቃነቅም። ጸሐፊው «ተመሳሳይ ነገር ለማግኘት ሰዓታት» ያሉት ለመጀመሪያው ፓች እውነት ሊሆን ይችላል። ፓቹ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ግን የሚቀጥለው ኪክ የሁለት ማዞሪያ ጉዳይ ነው።

«ኪክ ዝቅ ያለ ሳይን ነው»

የጸሐፊው ፓች እንዲህ ነበር፦ ቪሲኦው (ኦሲሌተሩ) 50 ኸርዝ ላይ ሆኖ የሳይን መውጫው ወደ ቪሲኤ (የድምፁን መጠን ወደሚከፍትና ወደሚዘጋ ሞጁል) ይገባል፤ ቪሲኤውን አንድ ኤዲኤስአር (ኤንቨሎፕ፣ ማለትም የሚወጣና የሚወርድ ቮልቴጅ የሚያወጣ ሞጁል) ይከፍተዋል፤ ኤዲኤስአሩን ደግሞ ትሪገር (አጭር የቮልቴጅ ምት) ይነካዋል። ውጤቱ «የሩቅ ጀነሬተር የመሰለ፣ አንዳንዴ ጎልቶ አንዳንዴ ደክሞ የሚወጣ» ሆነባቸውና ጥፋቱን በሶፍትዌሩ ላይ ጣሉ። በፓቹ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉድለቶች አሉ።

የመጀመሪያው ፒቹ አለመውረዱ ነው። ቆዳ በኃይል ሲመታ ለቅጽበት ይወጠራል፣ ፒቹ ይጨምራል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል። ጆሮ «ምት» ብሎ የሚለየው አብዛኛውን ይህንኑ ውድቀት ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ኤዲኤስአር ጨምሩና መውጫውን የቪሲኦው ኤፍኤም (ፒቹን በቮልቴጅ የሚያንቀሳቅሰው) መግቢያ ላይ ሰኩት። አታክ (መውጫው) ዜሮ፣ ሰስቴን (የሚቆይበት ደረጃ) ዜሮ፣ ዲኬይ (መውረጃው) እና ሪሊስ (ምልክቱ ከተለቀቀ በኋላ ያለው መውረጃ) ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ይሁኑ። የኤፍኤሙ ዓይነት ሊኒየር ሳይሆን ኤክስፖኔንሻል መሆን አለበት። የኤፍኤሙን የመጠን ማዞሪያ በቀኝ ክሊክ ከፍታችሁ 20 በመቶ ጻፉበት።

ለምን 20? ኤንቨሎፑ የሚያወጣው እስከ 10 ቮልት ነው፤ በራክ ውስጥ 1 ቮልት ማለት 1 ኦክታቭ፣ ማለትም የኸርዙ እጥፍ፣ ነው። 20 በመቶው 2 ቮልት ስለሆነ ድምፁ ከ200 ኸርዝ ተነሥቶ 50 ላይ ያርፋል። 30 በመቶ ቢሆን ከ400 ይነሣል፤ ለፈጣን ዳንስ ሙዚቃ የሚሆን ሹል ኪክ ይሰጣል። ማዞሪያውን 100 በመቶ ላይ ማድረስ ግን 10 ኦክታቭ ማለት ነው፤ ከ50 ኸርዝ 10 ኦክታቭ ወደ ላይ 51,200 ኸርዝ ነው፤ ጆሮም አይሰማውም፣ በ44,100 የሚሠራ ሞተርም አይችለውም። የሚሰማው ያ ውኃ ውስጥ እንደተጣለ ድንጋይ ያለ «ፕዩ» ነው። ብዙ ጀማሪ የሚያማርረው እሱን ነው።

ሁለተኛው ፌዝ፣ ማለትም ማዕበሉ በዙሩ ውስጥ ያለበት ቦታ፣ ነው። ቪሲኦ ተመታም አልተመታም ሳያቋርጥ ይዞራል። የ50 ኸርዝ አንድ ዙር 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ቪሲኤው ሲከፈት ማዕበሉ ጫፍ ላይ፣ መሐል ላይ ወይም ታች ላይ ሊገኝ ይችላል። «አንዳንዴ ጎልቶ አንዳንዴ ደክሞ» የተባለው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ትሪገሩን ወደ ቪሲኦው ሲንክ መግቢያም መላክ ነው፤ ያኔ ማዕበሉ በእያንዳንዱ ምት ከመነሻው ይጀምራል። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ሲንክ የሚሠራው ምልክቱ ዜሮን ከታች ወደ ላይ ሲሻገር ነው። ከ0 ተነሥቶ 10 ቮልት የሚደርስ ትሪገር ዜሮን አይሻገርም፤ ኬብሉ ተሰክቶ እያለ ምንም ላይለወጥ ይችላል። በኤይትቨርት (ስምንት የቮልቴጅ ማዞሪያ ባለው ሞጁል) አንዱን ማዞሪያ −10 በመቶ ላይ አድርጉት፤ ምንም ያልተሰካበት የመጀመሪያ መግቢያ 10 ቮልት ስለሚይዝ መውጫው −1 ቮልት ይሆናል። እሱን ከትሪገሩ ጋር በሚክስ ሞጁል ደምሩና ድምሩን ወደ ሲንክ ላኩት። ምቱን የሚመራው ሰዓታችሁ ኤልኤፍኦ (ቀርፋፋ ኦሲሌተር) ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ የኦፍሴት ቁልፉን አጥፉትና የስኩዌር መውጫው ከ−5 እስከ +5 ይሆናል።

ሦስተኛው ከሁሉም ተንኮለኛው ነው። በራክ ውስጥ ትሪገር በአብዛኛው 1 ሚሊሰከንድ ነው። ኤዲኤስአር ደግሞ ጌቱ (የሚከፍተው ቮልቴጅ) ከወረደበት ቅጽበት ጀምሮ ሪሊስ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ኤንቨሎፑ ጫፉ ሳይደርስ መውረድ ይጀምራል፤ ዲኬዩም ተራው አይደርሰውም። ጸሐፊው «የዲኬይ ማዞሪያው አይሠራም» ያሉት ተበላሽቶ ሳይሆን ከመንገዱ ውጭ ሆኖ ነው። ከትሪገር ይልቅ ረዘም ያለ ጌት ስጡት። ለምሳሌ 2 ኸርዝ ላይ ያለ ኤልኤፍኦ በደቂቃ 120 ምት ይሰጣል፤ ስኩዌሩም 250 ሚሊሰከንድ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሪሊሱን ምንጊዜም ከዲኬዩ ጋር እኩል አድርጉ፤ ያኔ ጌቱ ቢያጥርም ጅራቱ አይቆረጥም።

ለድምፁ መጠን የሚሆነው ዲኬይ ከ120 እስከ 180 ሚሊሰከንድ ነው። አጭር ይመስላል፤ ነገር ግን ኩርባው ኤክስፖኔንሻል ስለሆነ ጅራቱ ከተጻፈው ቁጥር አልፎ ይሄዳል። በዚህ ላይ ቪሲኤውንም ኤክስፖኔንሻል ካደረጋችሁት ድምፁ ገና ሳይሰማ ይሞታል፤ ሊኒየር ይሁን።

«ስኔር ነጭ ኖይዝ ነው»

ኖይዙ ከታችኛው ቆዳ ሥር ያሉት ሽቦዎች ድምፅ ነው፤ ቆዳው ራሱ የት ሄደ? አካሉን በሁለት ሳይን ሥሩ፤ አንዱ 180፣ ሌላው 287 ኸርዝ ላይ። ሁለተኛው ቁጥር ከየትም የመጣ አይደለም፤ የተወጠረ ክብ ቆዳ ሁለተኛ ሞድ (የንዝረት ዓይነት) ከመጀመሪያው 1.593 እጥፍ ነው። ሁለተኛውን ሳይን ትክክለኛ ኦክታቭ ላይ ብታስቀምጡት ኦርጋን ይሆንባችኋል። ዲኬያቸው ከ40 እስከ 60 ሚሊሰከንድ ይበቃል። ኖይዙን ወደ ቪሲኤፍ (ማጣሪያው) አስገቡና የሃይፓስ (ዝቅተኛውን ቆርጦ ከፍተኛውን የሚያሳልፈውን) መውጫ ውሰዱ፤ ቆራጩ ከ1,000 እስከ 2,000 ኸርዝ መካከል፣ ዲኬዩ ከ70 እስከ 100 ሚሊሰከንድ።

የጸሐፊው ስኔር «የሬዲዮ ጣቢያ ፍለጋ» የመሰለው ኖይዙ ስላልተጣራ ብቻ አይደለም። አካሉንና ኖይዙን በአንድ ቪሲኤ ያሳለፈ ሰው ሁለቱን እኩል ያስሞታቸዋል። ሁለት ቪሲኤ፣ ሁለት ኤንቨሎፕ። ነጩ ከሾለባችሁ ሮዝ ኖይዝን ሞክሩ፤ በየኦክታቩ 3 ዴሲቤል እየቀነሰ ስለሚሄድ ለዝግታ ዘፈን ይለሰልሳል።

«ሃይሃት በሲንተሲስ አይወጣም»

ለዚህ ነጥብ ጸሐፊው አንድ ጥሩ ምስክር ሊጠሩ ይችሉ ነበር፤ አልጠሩትም። ሮላንድ በ1983 ያወጣው የከበሮ ማሽን ቲአር-909 ኪኩና ስኔሩ አናሎግ ሆነው ሃይሃቱና ሲምባሉ ግን ባለ 6 ቢት ሳምፕል ናቸው። አምራቹ ራሱ ሳምፕልን መርጧል ማለት ነው። ይሁንና ከእሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ የወጣው ቲአር-808 ሃይሃቱን ያለ አንዲት ሳምፕል ሠርቶ ነበር፤ ያ ድምፅ ዛሬም በየቢቱ አለ።

የ808 አሠራር ስድስት ስኩዌር ኦሲሌተር ነው፦ 205.3፣ 304.4፣ 369.6፣ 522.7፣ 540 እና 800 ኸርዝ ገደማ። እርስ በርስ የማይስማሙ ስለሆኑ ድምራቸው ዜማ ሳይሆን ብረት ይሆናል። በራክ ስድስት ቪሲኦ መደርደር አያስፈልግም፤ አንድ ኬብል እስከ 16 ቻናል ይሸከማል። ቪሲኦውን መነሻው ላይ ተዉት፤ 0 ቮልት 261.6 ኸርዝ፣ መካከለኛው ዶ ነው። በኤይትቨርት ስድስት ቮልቴጅ አዘጋጁ፦ −0.35፣ 0.22፣ 0.50፣ 1.00፣ 1.05 እና 1.61። በመቶኛ ሲጻፍ −3.5፣ 2.2፣ 5፣ 10፣ 10.5 እና 16.1 ማለት ነው። ስድስቱን በመርጅ ሞጁል አንድ ኬብል አድርጉና ወደ ቪሲኦው የፒች መግቢያ ላኩ። የስኩዌሩን መውጫ በሰም (Sum) ሞጁል ደምሩት።

ሰሙ ላይ ደረጃውን ካላወረዳችሁ ይህ ፓች ጆሮ ይጎዳል። እያንዳንዱ ስኩዌር ±5 ቮልት ነው፤ ስድስቱ በአንድ አቅጣጫ ሲገጥሙ 30 ይደርሳሉ። ደረጃውን ወደ 17 በመቶ ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ሃይፓስ ከ6,000 እስከ 8,000 ኸርዝ፤ ከዚህ በታች ከተዉት ሃይሃት መሆኑ ቀርቶ የመኪና ጥሩምባ ይሆናል።

ስለ ክፍትና ዝግ ሃይሃት ጽሑፉ ምንም አላለም፤ ሰው ሠራሽነቱ የሚታወቀው ግን እዚያ ነው። ዝጉ ሲመታ ክፍቱ መቆረጥ አለበት፤ ሁለት ሳህን ብቻ ነዋ ያለው። ሁለት የተለያየ ፓች ሠርቶ አንዱ ሌላውን እንዲቆርጥ ከመድከም ለሁለቱም አንድ ኤዲኤስአር ተጠቀሙ። መሠረቱን 20 ሚሊሰከንድ አድርጉ፤ ከሲኩዌንሰሩ (ምቶቹን በተራ ከሚያወጣው ሞጁል) አንዱን ረድፍ ወደ ዲኬይና ወደ ሪሊስ ሲቪ (የመቆጣጠሪያ ቮልቴጅ) መግቢያዎች ላኩ። ክፍት በሚሆንበት ስቴፕ ረድፉ 2 ቮልት ገደማ ይስጥ፤ የመጠን ማዞሪያዎቹ 100 በመቶ ላይ ከሆኑ ዲኬዩ ስድስት እጥፍ ያህል ይረዝማል። ቀጣዩ ምት ሲመጣ ያው ኤንቨሎፕ ስለሚነሣ የድሮው ጅራት በራሱ ይጠፋል።

«ከቀጠነ ደርብበት»

ሁለት የ50 ኸርዝ ኪክ በ10 ሚሊሰከንድ ቢዛነፉ፣ ማለትም በግማሽ ዙር፣ እርስ በርስ ይጣፋሉ። ሦስተኛ መደረብ አይረዳም፤ ራክ ውስጥ የድምፅ ማውጫው ሞጁል ከ±10 ቮልት በላይ ያለውን ይቆርጣል፤ ±5 የሆኑ ሁለት ድምፆች በሙሉ ኃይል ከገጠሙ ጣሪያውን ነክተዋል። ስኮፕ ሞጁሉን ክፈቱና እዩት፤ ማዕበሉ አናቱ ላይ በመቀስ የተቆረጠ ከመሰለ ችግሩ ንብርብር ማነሱ አይደለም።

«የአገር ከበሮ ከቀረጻ ውጭ አይታሰብም»

በማኅሌት ላይ የሚመታውን ከበሮ ኮምፒውተር ይተካዋል የሚል የለም። ክርክሩ ድምፁ ይመረመራል ወይስ አይመረመርም በሚለው ላይ ከሆነ ግን ጸሐፊው ከማንም ቀድመው እጅ ሰጥተዋል። ከበሮአችን ለሲንተሲስ የሚያስቸግር ሳይሆን የሚያስተምር መሣሪያ ነው፦ ሁለት ፊት አለው፣ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ፤ በመካከል የታመቀ አየር አለ፤ የሚመታውም በእጅ ነው።

ከሰፊው ፊት ጀምሩ። የክብ ቆዳ የመጀመሪያዎቹ አራት ሞዶች 1፣ 1.593፣ 2.135 እና 2.295 ናቸው። በቮልት ሲጻፉ 0፣ 0.67፣ 1.09 እና 1.20። ከኤይትቨርት አራቱን ረድፎች ለእነዚህ ስጡና በመርጅ ወደ ቪሲኦው አስገቡ፤ ሳይኑን ተጠቀሙ። ቪሲኦውን ለሰፊው ፊት 85፣ በሌላ ግልባጭ ለጠባቡ 200 ኸርዝ ላይ አድርጉ፤ ይህ መነሻ እንጂ ልኬት አይደለም፤ ከበሮ ከከበሮ ይለያያል። ሞዶቹም ቢሆኑ የመጽሐፍ ቆዳ ሞዶች ናቸው፤ አየሩና ሁለተኛው ፊት ያዛቧቸዋል፤ ስለዚህ ከቀረጻ ጋር እያስተያያችሁ ሦስቱን ቁጥሮች በመቶኛ ክፍልፋይ አንቀሳቅሱ።

ከፍተኞቹ ሞዶች ቀድመው መሞት አለባቸው። አንዱን ጌት በሌላ መርጅ አራቱም መግቢያዎች ላይ ሰኩት፤ አራት ቻናል ያለው ጌት ይሆናል፤ ኤዲኤስአሩም አራት ኤንቨሎፕ ያወጣል። የኤይትቨርቱ ቀሪ አራት ረድፎች 0፣ −0.5፣ −0.8 እና −1 ቮልት ይስጡ፤ በሦስተኛ መርጅ ወደ ዲኬይና ወደ ሪሊስ ሲቪ ይግቡ። 1 ቮልት ሲቀነስ ዲኬዩ ወደ 2.5 እጅ ያጥራል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር ይረሳል፦ ኤይትቨርት ላይ ኬብል ያልገባበት ረድፍ ከላይኛው የመግቢያውን 10 ቮልት ይወርሳል፤ ከላይ ሌላ ኬብል ከሰካችሁ ታች ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ይዛባሉ።

ከቪሲኤው በኋላ በስፕሊት አራቱን ቻናሎች ለያዩና ወደ ቪሲኤ ሚክስ አራት መግቢያዎች አስገቡ። አሁን የመምቻ ቦታ በእጃችሁ ነው። ቆዳው መሐሉ ላይ ሲመታ የሚነሡት ክብ የሆኑት ሞዶች ብቻ ናቸው፤ ማለትም 1ኛውና 4ኛው ቻናል። ጠርዙ ላይ ሲመታ 2ኛውና 3ኛው ይነሣሉ። ስለዚህ ለመሐል ምት ሁለቱን መካከለኛ ስላይደሮች ዝቅ፣ ለጠርዝ ምት ከፍ። ሳምፕል ይህን ሊሰጥ የሚችለው እያንዳንዱ ቦታ ለብቻው ከተቀረጸ ነው።

የኪኩን ሁለት ኦክታቭ ውድቀት እዚህ አታምጡት፤ ወዲያው 808 ይሆናል። 1 ሰሚቶን ተኩል፣ የኤፍኤም ማዞሪያው 1.2 በመቶ ገደማ፣ ይበቃል። የመዳፉን ድምፅ ደግሞ ሮዝ ኖይዝ በ800 ኸርዝ ሎውፓስ (ከዚያ በላይ ያለውን በሚቆርጥ ማጣሪያ)፣ ዲኬዩ 5 ሚሊሰከንድ ይሰጠዋል። ጠባቡ ፊት ሲመታ ሰፊው በአየሩ በኩል ትንሽ ይመልሳል፤ የጠባቡን ጌት ለሰፊውም ላኩለት፤ ሰፊው ግን በዚያ ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ይከፈት።

በ6/8 ለሚሄደው ችክችካ የሴክ-3ን (የሲኩዌንሰሩን) የስቴፕ ቁጥር 6 ላይ አድርጉ። ዋናው ምት በደቂቃ 110 እንዲሆን ሰዓቱ 5.5 ኸርዝ ይሁን። አንዱ ረድፍ ኃይልን፣ ሌላው የመምቻ ቦታን ይቆጣጠር። ኃይሉ የድምፁን መጠን ብቻ ከነካ ማሽን ይመስላል፤ ያው ቮልቴጅ ወደ ኖይዙ መጠንና ወደ 2ኛና 3ኛ ሞዶችም ይሂድ። በዚህ ፍጥነት ጌቱ 91 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፤ ሪሊሱን ከዲኬዩ ጋር ማስተካከል የተባለው እዚህ ዋጋ ያወጣል።

ጽናጽል? ያንኑ የስድስት ስኩዌር ፓች አንድ ኦክታቭ ወደ ላይ አንሡት፤ አንድ ኤንቨሎፕ ሳይሆን በ70 ሚሊሰከንድ ውስጥ እኩል ባልሆነ ርቀት የሚመጡ አራት ወይም አምስት አጫጭር ምቶች ስጡት። ቅጠሎቹ አንዴ አይደለም የሚጋጩት።

«ውድ ኮምፒውተር ይጠይቃል»

ቪሲቪ ራክ ነጻና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የሚከፈልበት እትም የሚያስፈልገው በሌላ የሙዚቃ ፕሮግራም ውስጥ እንደ ፕለጊን ለማስገባት ብቻ ነው። ስለ አቅም ከሆነ፣ የፈንዳሜንታል ሞጁሎች አራት ቻናሎችን በአንድ ጊዜ ያሰላሉ፤ ከላይ ያለው ባለ አራት ሞድ ከበሮ አራት ቪሲኦ ከመደርደር እጅግ ይቀላል። ያም ሆኖ ላፕቶፑ ከተንተባተበ ፓቹን ቀጥታ ማጫወት ግዴታ አይደለም። ነጻውን የቪሲቪ ሪኮርደር ሞጁል ከላይብረሪው አውርዱ፤ በ24 ቢት ዌቭ፣ በሞኖ ቅረጹ። የኃይል ቮልቴጁን 2.5፣ 5፣ 7.5 እና 10 ላይ እያደረጋችሁ በእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ምት፤ ለአንድ ፊት 12 ፋይል ይሆናል። ሦስቱ ምቶች ቅጂ እንዳይሆኑ በየምቱ የመምቻ ቦታ ስላይደሮቹን በትንሹ አንቀሳቅሱ። ስትቆርጡ መጀመሪያውን ማዕበሉ ከዜሮ ከሚነሣበት ነጥብ፣ መጨረሻውን ደግሞ በ10 ሚሊሰከንድ ፌድ ዝጉት፤ አለበለዚያ እያንዳንዱ ከበሮ ሲያልቅ ጠቅ ይላል።